ጨርቁስ ተገኘ፣ በምን ይታሰር?

ስለ ትልቅ ሰው ዳይፐር ሲወራ የሚነሳው ሁሌ መምጠጡ ነው። ስንት ሰዓት ይይዛል? ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም? ቆዳ ያሳክካል? በምን ይታሰራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የሱቁን ለሚጠቀም ሰው ጥያቄው አይነሳም፤ ማጣበቂያው አብሮ ይመጣል። በጨርቅ ለሚያሰፋ ቤት ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ጨርቅ የትም አለ። አቡጀዲ አለ፣ ፍላኔላ አለ፣ ያረጀ አንሶላና ፎጣ አለ። ራስ ምታቱ ያለው ወገብ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው በእማዬ ፈቃድ ነው። «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሺ» ብላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «የልብስ ሰፊውንም ስም አታንሺ፣ ሰው ይጎርፍበትና ለእኔ ጊዜ ያጣል» አለች። ስለዚህ ስም የለም።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማታ የተሰጣ ልብስ ጠዋት ውርጭ መትቶት ደርቆ ቆሞ ይገኛል። ደርቆ ስል ከውሃው ደርቆ ማለቴ አይደለም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭጋጉና ዝናቡ ይተካል፤ ፀሐይ ወጣች ተብሎ የተሰጣው ልብስ በሩጫ ይሰበሰባል። ብርድና ዳይፐርን ምን አገናኛቸው ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ጨርቁ አይደርቅም፣ ጣት ይደነዝዛል።

እማዬ የመንዝ ልጅ ናት። እዚያ ሴቱ የበግ ፀጉር ይፈትላል፣ ወንዱ ባና እና ዝተት የሚባሉ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሶች ይሠራል። እሷም ጥጡንም ፀጉሩንም ስትፈትል ነው የኖረችው። አሁን ቁርጥማት ይዟታል። የቀኝ አውራ ጣቷ መጫን አይችልም፤ ጠዋት ጠዋት መዳፏ ቶሎ አይዘረጋም። ሽንቷ ደግሞ ሲመጣባት ጊዜ አይሰጣትም። አንዳንዴ ትደርሳለች፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀድማታል። ጭንቅላቷ ግን ከእኔ ይሻላል። የዕድር መዋጮ ማን እንዳልከፈለ እስካሁን በቃሏ ነው የምትናገረው።

እንዲህ ያለችን ሴት እንደ ሕፃን አስተኝቶ ማሰር አይቻልም። ብትታመም እሺ ትል ይሆናል፤ አሁን ግን በእግሯ ቆማ የምትሄድ ሰው ናት። ስለዚህ ማሰሪያ ስንፈልግ መጀመሪያ መመለስ የነበረበት «የትኛው ይጠነክራል?» የሚለው ጥያቄ አልነበረም። የሚያስረውና የሚፈታው የማን እጅ ነው? ይህ ከተመለሰ በኋላ ሌላው ሁሉ መልኩን ይይዛል።

መጀመሪያ ቤት ያለው መርፌ ቁልፍ ነበር። መርፌ ቁልፍ የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ዋልተር ሀንት የሚባል አሜሪካዊ በ1849 እ.ኤ.አ. ፓተንቱን አውጥቶ መብቱን በ400 ዶላር ሸጦታል ይባላል፤ ሲያስቡት አንጀት ያቃጥላል። ጥሩ ጎኑ ብዙ ነው። የትኛውንም ጨርቅ ይይዛል። ጨርቁ ላይ አልተሰፋም፤ ስለዚህ ጨርቁን አውጥተሽ ብትቀቅዪው፣ በረኪና ብታደርጊበት ምንም አይሆን። ወገብ ሲሰፋም ሲጠብም ቦታውን መቀየር ነው።

ግን ትልቅ ሰው ሕፃን አይደለም። የታጠፈው ጨርቅ ወፍራም ነው፣ የሚጎትተው ክብደትም ትልቅ ነው። ተራዋ ትንሽ መርፌ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብድግ ሲሉባት ትጎብጣለች። ከጎበጠች በኋላ ደግሞ መቆለፊያዋ አይያዝም። ትልቅና ወፍራም የሆነ፣ አናቱ ላይ መቆለፊያ ያለው ያስፈልጋል። የሚጠቀም ሰው ካለ አንድ ዘዴ ልንገረው፤ ጫፉን ደረቅ ሳሙና ላይ ወጋ አድርጎ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ወፍራሙን ጨርቅ ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ሲወጋም ሌላው እጅ በጨርቁና በገላው መሃል መግባት አለበት፤ ቢስት የሚወጋው የአሳሪውን ጣት ይሁን። መርፌው አግድም ይሁን፣ ጫፉም ከሆድ ወደ ጎን ይዙር።

ለአንዳንድ ሰው ግን መርፌ ቁልፍ ጨርሶ ባይሞከር ይሻላል። ስኳር ነርቫቸውን የጎዳባቸው ወይም አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ሲወጋቸው ላይሰማቸው ይችላል። ተከፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጋቸው ያድራል፤ ጠዋት ነው የሚታየው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውም ራሱን ይወጋል። የእማዬ ችግር ከዚህ ይቀላል። ታኅሣሥ ላይ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በደነዘዘ ጣት ያቺን ትንሽ ሽቦ መጭመቅ አልቻለችም። ብረቱ ሆዷን ሲነካት የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

ቀጥሎ ቬልክሮ መጣ። ሐሳቡ የልብስ ሰፊው ነው። ከሰልባጅ ጃኬት ላይ ፈትቶ ሰፋልን። ቬልክሮን በስሙ የማያውቅ ሰው ጤና ጣቢያ ደም ግፊት ሲለካ ያውቀዋል፤ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ሲፈታ ቸርር የሚለው ነው። ዦርዥ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በ1941 እ.ኤ.አ. ከአደን ሲመለስ ልብሱና የውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀ የእሾህ ፍሬ አይቶ ነው አሉ ያሰበው፤ ፓተንቱን ያገኘው በ1955 ነው። እኛ አገር ጭጎጎት ቀሚሳችን ላይ ሲጣበቅ እየተሳደብን ለቅመን ጣልነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ ቬልክሮውን ወድጄው ነበር። በአንድ እጅ ይያዛል። ዓይን አይፈልግም፣ ጉልበትም አይፈልግም። ላላ ካለ ነቅሎ ጠበቅ ማድረግ ነው። ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ ያልታዘዘለት ሰው ራሱን ችሎ የሚያስረው በዚህ ነው። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያሉ አባት አሉ፤ በግራ እጃቸው ብቻ ቸርር አድርገው ይፈታሉ፣ መልሰው ይለጥፋሉ። ለእሳቸው ሌላ ማሰሪያ አልመክርም።

እማዬ ግን በሁለት ምክንያት ጠላችው። አንደኛው ድምፁ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዳ፣ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት ተነስታ ጓሮ ገባች። ሽንት ቤቱ የቆርቆሮ ነው። ቸርር! ስትመለስ ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። «ምን ሰምተው ይሆን?» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታሰላስል ከረመች። እኔ ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም ባይ ነኝ፤ የቦርሳ ድምፅ ሊመስላቸውም ይችላል። እሷ ግን አልተቀበለችኝም። ደግሞ ትክክል ናት። ድምፁን የምትሰማው እሷ እስከሆነች ድረስ ሌላው ሰማ አልሰማ ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው ነጠላዋ ነው። የቬልክሮ ሻካራ ጎን ያገኘውን ክር ሁሉ ይይዛል። ከእኛ ልብስ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አይደለም። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ሁሉም ስስ ወይም ለስላሳ ክር ነው። አንድ ቀን ነጠላዋን ከጥለቱ በላይ ይዞ ጎተተውና ሙሉ መስመር ክር ሳበ። በእጇ የፈተለችው ጥጥ ነበር። የዚያን ቀን የቬልክሮ ነገር አበቃለት።

ቬልክሮ ለሚመርጥ ሰው ጥቂት ነገር ልበል። ከመታጠቡ በፊት ሻካራው ከለስላሳው ጋር ተገጥሞ ይዘጋ፤ ክፍት ሆኖ ከታጠበ የሌላውን ልብስ ክር እየለቀመ ይሞላና መያዝ ይተዋል። ከሞላም በመርፌ ወይም በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ መልቀም ይቻላል። ገላ በኩል የሚሆነው ሁሌም ለስላሳው ጎን ይሁን። የሻካራው ጠርዝ ጭን ላይ ካረፈ በግማሽ ቀን ቆዳ ይልጣል። ደግሞም አይቀቀልም፤ ሙቀት ጥርሱን ያጎብጠዋል።

ስለ ሦስተኛው ብዙ የምለው የለኝም። ቀጭ ብለው የሚገጥሙት ክብ ቁልፎች ናቸው፣ ሕፃናት ልብስ ላይ ያሉት። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ተዘጋጅቶ የተሰፋውን ላከችልን። ሲያዩት ያምራል። በረድፍ በረድፍ ስለተደረደሩ ወገብን ማጥበብና ማስፋት ይቻላል፤ ፕላስቲኮቹ አይዝጉም፣ ድምፃቸውም ያን ያህል አይደለም። የብረቶቹ ግን በእኛ በረኪናና በሽንቱ መሃል ውለው አድረው ይዝጋሉ፤ ዝገቱም ጨርቁን ያበላሸዋል። ለእማዬ ያልሆነው ግን በአውራ ጣቷ ምክንያት ነው። ይህ ቁልፍ እንዲገጥም መጫን አለበት፣ የሚጫንበት ደግሞ የራስ ሆድ ነው። ሆድ ለስላሳ ነው፣ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ለጤነኛ ጣትም ቀላል አይደለም። ትንሽ ሞከረችና አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። «ለእንግዳ ይሁን» አለች። የምን እንግዳ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የመጨረሻው መልስ ከእሷው መጣ። ልብስ ሰፊው ጋ አብረን ሄደን እሱ ስለ ላስቲክ ሲያስረዳን ድንገት መቀነቷን ያዝ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ማን አስሮልኝ ያውቃል?» አለችው። ልጁ ሳቀ። «ማንም፣ እማማ።» «ታዲያ ዳይፐሩንስ?»

እውነቷን ነው። እጇ ቀጭ የሚለውን አያውቅም፣ ቋጠሮ ግን ያውቃል። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ክር ስትቀጥል፣ መቀነት ስትታጠቅ የኖረች ሴት ናት። ቁርጥማቱ ጉልበቷን ወሰደ እንጂ መንገዱን አልወሰደባትም። መቆንጠጥና መጫን ያቃተው ጣት መጠቅለልና መሳብ ይችላል።

የተሠራው እንዲህ ነው። ቀበቶውና ጨርቁ ተለያዩ። ቀበቶው ሦስት ጣት የሚሰፋ፣ ድርብ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ስንዝር ላስቲክ ገብቶበታል፣ ሲቀመጡ እንዲለጠጥ። ከፊት ለፊት እንደ ጫማ ክር ይታሰራል፤ ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ይፈታል። ጥብጣቡ የጥጥ ይሁን። ኒሎን ያንሸራትታል፣ ቋጠሮው ራሱን ይፈታል። ጥጥ ደግሞ ከረጠበ ይጠብቅና ጥርስ እስኪያስፈልገው ድረስ ይከርራል፤ ስለዚህ ቋጠሮው ከጨርቁ በላይ፣ እርጥበት የማይደርስበት ቦታ ላይ መሆን አለበት።

ጨርቁ ከኋላ ሁለት ማለፊያ አለው፣ ሱሪ ላይ ቀበቶ እንደሚያልፍበት ያለ፤ ቀበቶው በዚያ ያልፋል። ከፊት ደግሞ ሁለት ማዕዘኖቹ ላይ ከገመድ የተሠራ ሰፊ ማንጠልጠያ ተሰፍቷል። ቀበቶው ላይ ሁለት ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች አሉ። ማንጠልጠያው ቁልፉ ላይ ይንጠለጠላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህ ለምን እንደጠቀመን ለማየት ሽንት ቤታችንን ማየት ያስፈልጋል። ጓሮ ነው ያለው፣ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። እማዬ ጉልበቷ ስለማይታመን ግድግዳው ላይ የምትይዘው ብረት አስተከልንላት። አንድ እጇ ብረቱን ይዟል። ጋቢዋ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ቀሚሷን በክርኗ ሰብስባዋለች። የቀረው አንድ እጅ ነው። በቬልክሮውም በመርፌ ቁልፉም ጊዜ ሁለቱ ጎኖች ከተፈቱ ጨርቁ ተንሸራቶ መሬት ይወድቃል፤ የወደቀ ደግሞ አይታጠቅም። አሁን ቀበቶውን አትነካውም። በአንድ እጇ ሁለቱን ማንጠልጠያ ታወርዳለች፣ የፊቱ ጨርቅ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የኋላው ቀበቶው ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ስትጨርስ መልሳ በእግሮቿ መሃል ታመጣዋለች። ድምፅ የለውም። ቶሎም ስለምትፈታው ከድሮው ይልቅ ብዙ ጊዜ ትደርሳለች፤ ጨርቁ ደርቆ የሚውልበት ቀን አለ።

ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። እግር ሥር እንደ ቬልክሮው ግጥም አይልም፣ ብዙ ሽንት ከመጣ በብሽሽት በኩል ያሳልፋል። ከላዩ ሰፋ ያለ ላስቲክ ያለው የውስጥ ሱሪ ስታደርግ ይሻላል። ግን ሱሪው ራሱ የሚወርድ አንድ ነገር ይጨምራል፣ ስለዚህ የምታደርገው ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ብቻ ነው። ቅዳሴ ረጅም ነው፣ ቆሞ ነው። ድሮ ከአጥር ውጭ ቆማ የምትመለስባቸው ቀኖች ነበሩ። አሁን ትገባለች፤ ከግድግዳው ጥግ፣ ለመውጫው የቀረበ ቦታ አላት።

ለማጠቢያውም ተመቸን። ቁልፉ፣ ላስቲኩ፣ የሚበላሸው ሁሉ ቀበቶው ላይ ቀረ፤ ቀበቶው ደግሞ በየጊዜው አይረጥብም። ጨርቁ ጨርቅ ብቻ ነው። ይቀቀላል፣ ይታሻል፣ ይጨመቃል። ልብስ ሰፊው ወፍራም አድርጎ ሊደርበው ነበር፣ እምቢ አልነው። አንድ ስስ ሰፊ ጨርቅ ነው፤ ስንጠቀምበት እናጥፈዋለን፣ ስናሰጣው እንዘረጋዋለን። ስድስት ድርብ ሆኖ የተሰፋ ጨርቅ ደብረ ብርሃን ውስጥ በነሐሴ አይደርቅም። ከላይ የነካው ሁሉ ደረቀ ይላል፣ መሃሉ ግን ይሸታል።

ሌሊት ሌላ ነው። ሌሊት የማስራት እኔ ነኝ፣ እሷም ፈቅዳለች። ለሌሊት ቬልክሮውን መልሰነዋል፤ ነጠላ የለም፣ የሚሰማ የለም። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ክንፍ አለው። መጀመሪያ የታችኞቹ ወደ ላይ ዘንበል ተደርገው ይታሰራሉ፣ እግር ሥር እንዲገጥም። ከዚያ የላይኞቹ ወደ ታች ዘንበል ብለው። ወገቡ ላይ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ትልቁ ጥንቃቄ ግን የዳሌ አጥንት ነው። በጎኑ የሚተኛ ሰው ክብደቱን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው፤ ቁልፍም ሆነ የቬልክሮ እጥፋት እዚያ ካረፈ ቆዳውን ይጎዳል። ማሰሪያው ከዳሌው አጥንት አልፎ ወደ ፊት ይምጣ። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ሰው ከሆነ ደግሞ ምንም ዓይነት ማሰሪያ ይሁን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ አይቀርም። ከሥሯ ያረጀ ባና አጥፈን እናነጥፋለን፤ የበግ ፀጉር ቢረጥብም ቶሎ አይቀዘቅዝም።

አንድ ከማሰሪያ የራቀ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ጨርቅ ከማሰፋት በፊት ሐኪም ማየት ይቀድማል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ የወንዶች ፕሮስቴት፣ አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒን፣ እነዚህ ሁሉ ሽንት ያጣድፋሉ፤ መላ ሊገኝላቸውም ይችላል። ውሃ መጠጣት መተው ደግሞ መፍትሔ አይደለም። እማዬ ትታው ነበር፣ ሽንቷ ወፍሮ ፊኛዋን ሲያቃጥላትና ይበልጥ ሲያጣድፋት ነው የነቃነው። ከከባድ ምጥ በኋላ ሽንት የሚፈስሳት ወጣት ሴት ካለች ደግሞ የእሷ ጉዳይ የዳይፐር አይደለም፣ ፌስቱላ፣ ማለትም ከምጥ ጉዳት የመጣ ሽንት የሚያሳልፍ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ በ1974 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ ባሕር ዳርም አለ።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ የሚታሰርለትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መሄድ ካልቻለ ልኬቱን ቤት ውሰዱ፣ ግን ቆሞ አትለኩት። ወገብ ሲቀመጡ ይሰፋል፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ደግሞ ይበልጥ። ምሳ በልቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለካ። እኛ ለቀበቶው ማሰሪያ ከዚያ ልኬት በላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት ስንዝር ትርፍ ጥብጣብ አስተርፈናል። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ማባከን ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። እማዬ «ያጠረ መቀነት ታጥቀህ ታውቃለህ?» ስትለው ዝም ብሎ ቆረጠ።